በረዶ የሌለው ተራራ፣ ባሕር የማይደርስ ወንዝ

የጅቡቲ ሪፐብሊክ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ አንድም ወንዝ የላትም። ካርታ ላይ የተሣሉት ሰማያዊ መስመሮች ቦታው ድረስ ሄደው ሲያዩዋቸው አሸዋና ጠጠር ናቸው። ዋና ከተማዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ በአማካይ 150 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ በሐምሌ ወር ብቻ ከዚህ የበለጠ ይዘንባል። እንዲህም ሆኖ ከተማዋ የምትኖረው ከተራራ በሚወርድ ውኃ ነው። ከቧንቧ ከሚቀዳው ውኃ ከፊሉ፣ ማታ ከሚበራው መብራት ብዙው፣ ገበያ ላይ የሚደረደረው ቲማቲምና ድንች፣ ከቀትር በኋላ የሚቃመው ጫት የኢትዮጵያ ደጋ ዝናብ ያመጣው ነው።

ስለዚህ የተራራ ወንዝ ነገር እዚህ ለምንኖር ሰዎች የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ሁለት ነገር መጠየቅ ይኖርብናል። ዝናቡ ካባራ በኋላ ውኃውን ላይ ይዞ የሚያቆየው ምንድን ነው? ወደ ታች ሲወርድስ ማን ምን ያህሉን ያስቀረዋል? የጂኦግራፊ መማሪያዎች ለመጀመሪያው ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ በረዶ የሚል ነው። የእኛ ተራሮች ግን በረዶ የላቸውም፤ ወንዞቻችንም በአብዛኛው ባሕር አይደርሱም። ይህ ለምን እንደሆነ ለመረዳት አዋሽ፣ ደቻቱና አምቡሊ የሚባሉትን ወንዞች መከተል ያስፈልጋል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ እዚህ እንደምንቆጥረው፣ የአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በበረዶ ግግር የሚመገብ ወንዝ አሠራሩ አያስቸግርም። ከፍታ ላይ የሚወርደው በረዶ ሳይቀልጥ ከዓመት ዓመት ይከማቻል፣ በራሱ ክብደት ይታመቃል፣ ከዚያም በዝግታ ቁልቁል ይንሸራተታል። ግግሩ ለወንዙ ጎተራ ነው፤ በቀዝቃዛው ወራት ያስገባል፣ ፀሐይ ስትበረታና ቆላው ሲጠማ ያወጣል። ዝናብ በቀረበት ዓመት እንኳ ወንዙ ፈጽሞ አይከዳም። ሮን ስዊዘርላንድ ውስጥ በራሱ ስም ከሚጠራ ግግር ሥር ተነሥቶ ሜዲትራኒያን ይገባል። ኢንደስ የካራኮረምንና የሂማላያን ቅላጭ እየሰበሰበ ፓኪስታንን ያጠጣል። እንዲህ ያሉ ወንዞች ውኃቸው ከምንጫቸው አካባቢ ነጣ ያለ ግራጫ ነው፤ ግግሩ ሲንሸራተት ከሥሩ ያለውን ድንጋይ ፈጭቶ ዱቄቱን ይለቅበታል።

ወደ አፍሪካ ስንመጣ በረዶው የቀረው በኪሊማንጃሮ፣ በኬንያ ተራራና በርዌንዞሪ ጫፎች ላይ ብቻ ነው፤ እሱም እየተንጠፈጠፈ ነው። የኪሊማንጃሮ በረዶ ከ1912 ወዲህ ከ80 በመቶ በላይ ጠፍቷል። ዩኔስኮ በ2022 ባወጣው ጥናት የአፍሪካ ዓለም አቀፍ ቅርሶች ላይ ያሉት ግግሮች እስከ 2050 ይጠፋሉ ብሎ ገምቷል። ይህ ሲነገር ብዙ ሰው ወንዞቹም አብረው የሚደርቁ ይመስለዋል። እዚህ ላይ መለየት ያለበት ነገር አለ። ከኬንያ ተራራ ሥር የሚነሡትን የጣና ወንዝ ገባሮች በዋነኛነት የሚመግባቸው ጫፉ ላይ ያለው ትንሽ በረዶ ሳይሆን ወገቡን የከበበው ጫካና ጫካው የሚቀበለው ዝናብ ነው። በምድር ወገብ አካባቢ በረዶው ዓይን ይስባል፣ ውኃውን የሚይዘው ግን ከሱ በታች ያለው ነው። ስለ ኢትዮጵያ ወንዞች ለማሰብ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም።

ኢትዮጵያም በበኩሏ በረዶ ነበራት። ሰሜን ተራሮች፣ ባሌና አርሲ ላይ ግግር የነበረ መሆኑን የቦታው አለቶች ይመሰክራሉ። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ባለው የሳነቴ አምባ የሚሄድ ሰው ግግሩ ገፍቶ አምጥቶ የተዋቸውን የድንጋይ ክምሮች ያያል። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች የባሌና የአርሲ ግግሮች እጅግ የተስፋፉት ከ40,000 እስከ 50,000 ዓመታት በፊት እንደነበረ አሳይተዋል፤ በዚያ ዘመን ባሌ ውስጥ ፊንጫ ሀበራ በተባለው ዋሻ ሰዎች ይኖሩ ነበር። የአርሲ ተራሮች ደግሞ ከአዋሽ ጋር ቀጥታ ዝምድና አላቸው፤ ከለታ የሚባለው ገባር ወደ አዋሽ የሚወርደው ከዚያ ነው። ስለዚህ ዛሬ በጅቡቲ ድንበር ላይ ጨዋማ ሐይቅ ውስጥ የሚያልቀው ወንዝ በአንድ ዘመን የበረዶ ቅላጭ ይገባው ነበር ማለት ይቻላል።

በረዶው ካለቀ በኋላ ሥራውን የወሰዱት ሌሎች ናቸው። የክረምቱ ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም በአንድ ላይ ይወርድና ይቆማል፤ የቀሩት ወራት ወንዙ የሚኖረው በተጠራቀመው ነው። የሚያጠራቅሙት የጥድና የኮሶ ጫካ፣ ከዛፉ በላይ ያለው የአስታና የጓሳ ምድር፣ ረግረጉ፣ ጥቁሩ የዋልካ አፈር፣ ከሁሉም በታች ደግሞ እሳተ ገሞራ የተወው የተሰነጣጠቀ ድንጋይ ናቸው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን ከአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ጀምሮ ይጠበቅ እንደነበር ይነገርለታል፤ ከሥሩ የሚወጡት ጅረቶች የአዋሽ ናቸው። ጅቡቲም የዚያው ጥድ ዘመድ የሆነ ደን አላት። ከታጁራ በላይ በጎዳ ተራሮች ላይ ያለው የዴይ ደን ጥዶች ከአገሪቱ የቀሩት ብቸኛ የደጋ ደን ናቸው ለማለት ይቻላል፤ ብዙዎቹ ቆመው ደርቀዋል። ግግር ሲቀልጥ ሳይንቲስት በሳተላይት ይለካዋል፣ ዓለምም ይሰማል። ደን ሲመነጠር የሚጠፋው ውኃ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታይም፤ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ምንጩ በየካቲት ሲቆም ነው።

አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ይነሣል። 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ተፋሰሱ ከ110,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በበቾ ሜዳ ተዘርግቶ ያልፍና የአዲስ አበባን ቆሻሻ የተሸከሙትን የአቃቂ ወንዞች ይቀበላል። ቆቃ ላይ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ በ1960 ሥራ የጀመረው ግድብ ይይዘዋል። ከሱ በታች በ1966ና በ1971 የተጨመሩ ሁለት የኃይል ማመንጫዎች አሉ። ወንጂ ላይ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የሸንኮራ አገዳ ይጠጣዋል፣ መተሐራም እንዲሁ። የአዋሽን ፏፏቴ ወርዶ አፋር ከገባ በኋላ አሚባራ፣ ገዋኔ፣ ተንዳሆ እያለ አውሳ ይደርሳል። መጨረሻው አቤ ሐይቅ ነው፤ ከባሕር ወለል 240 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በሁለቱ አገሮች ድንበር ላይ የተኛ ጨዋማ ውኃ።

ከአቤ እስከ ጉቤት የባሕር ሰርጥ በአየር መስመር 100 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። 1,200 ኪሎ ሜትር የተጓዘ ወንዝ ለዚህች ለምን አቃተው? የመጀመሪያው ምክንያት መሬቱ ነው። አፋር ሦስት የምድር ንጣፎች የሚለያዩበት ቦታ ነው፤ የአፍሪካው፣ የሶማሌውና የዓረቡ ንጣፍ እየተራራቁ መሬቱ መሐል ለመሐል ይሰምጣል፣ ጠርዙ ደግሞ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይከበባል። ወንዙ ወርዶ የገባበት ጎድጓዳ መውጫ የለውም። ከአቤ አልፎ ያለው አሳል ሐይቅ ጭራሽ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ ነው፤ እሱን የሚሞላው በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ከጉቤት የሚሰርገው የባሕር ውኃ ነው። ሁለተኛው ምክንያት ፀሐይ ናት። አፋር ላይ ከክፍት ውኃ በዓመት የሚተነው ከ2 ሜትር ውፍረት ይበልጣል፤ የሚዘንበው የዚያ አሥረኛ ነው ቢባል ነው።

አዲስ አበባ የተወለደው እንግሊዛዊ ዊልፍሬድ ቴሲጀር በ1933 መጨረሻ ከአዋሽ ወገብ ተነሥቶ ወንዙን እየተከተለ እስከ መጨረሻው የሄደው ይህንኑ ጥያቄ ይዞ ነበር፤ በ1934 ታጁራ ላይ ከባሕር ደረሰ። ያኔ ያየው ሐይቅ ከዛሬው በጣም የሚሰፋ ነበር። አቤ ከዚያ ወዲህ ከግማሽ የሚበልጥ ስፋቱን አጥቷል። በጅቡቲ በኩል በአስ ኤላ አልፎ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሰው በመጀመሪያ የሚያየው እንደ ግንብ ፍርስራሽ የቆሙትን የኖራ ድንጋይ ማማዎች ነው፤ አንዳንዶቹ በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ቁመት አላቸው። እነዚህ የተሠሩት ውኃ ውስጥ ነው። ፍል ውኃ ከሐይቁ ወለል እየወጣ ኖራውን ሲተው ኖሮ፣ ሐይቁ ሲሸሽ ማማዎቹ ደረቅ መሬት ላይ ቀሩ። ዛሬ ከአንዳንዶቹ ጫፍ ገና እንፋሎት ይወጣል፣ በሥራቸው ፍየሎች ይግጣሉ፣ የውኃው ዳርቻ ግን ከሩቅ ነው የሚታየው። ከ10,000 ዓመት በፊት ገደማ፣ ዝናቡ በበረታበት ዘመን፣ የሐይቁ ወለል ከዛሬው ከ100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነበር። ስለዚህ አቤ ቀድሞም ሲሞላና ሲጎድል የኖረ ሐይቅ ነው፣ ያሁኑን መቀነስም ለተፈጥሮ መስጠት ይቀላል የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የ10,000 ዓመቱ ለውጥ በብዙ መቶ ዓመታት የመጣ ነው፤ ያሁኑ ግን በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ፣ ላይኛው ወንዝ ላይ ግድብና መስኖ ከተስፋፋበት ጊዜ ጋር እግር በእግር የሄደ ነው።

ከዓለም ወንዞች ለዚህ የሚቀርበው አሙ ዳርያ ነው። እሱ ከፓሚር ግግሮች ይነሣል፣ ከአዋሽም ብዙ እጥፍ ውኃ አለው። ግን በ1960ዎቹ ሶቪየቶች ለጥጥ ብለው ሲጠልፉት የሚገባበት የአራል ባሕር ከወደብ ከተሞቹ ሸሸ፤ መርከቦች አሸዋ ላይ ቀሩ። በዚያው አሥር ዓመት አዋሽ ላይም ጥጥ ገባ። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን የተቋቋመው በ1962 ሲሆን፣ ተንዳሆ ላይ ከእንግሊዙ ሚቸል ኮትስ ጋር በሽርክና ሰፊ የጥጥ እርሻ ተከፈተ። የበረዶ መኖር አራልን አላዳነውም። ከላይ ያለው ጎተራ ሙሉ ቢሆንም፣ መንገድ ላይ ሁሉም ከተወሰደ መጨረሻው አንድ ነው።

አዋሽ ላይ ከሐይቁ የበለጠ የተጎዳው ግን ሰው ነው። ወንዙ ዳር ያለው ለም ሜዳ ለአፋር አርብቶ አደር የበጋ ግጦሹ ነበር፤ ከጎርፍ በኋላ ሣር የሚበቅልበት፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ከብቱን የሚያወርድበት። ሜዳው ለጥጥ ሲታጠር መሸሻው ጠፋ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ድርቁ ሲመጣ አፋር ውስጥ እንዲያ የከፋው ዝናብ ስለቀረ ብቻ አይደለም። ይህ በጊዜው በተመራማሪዎች ተጽፏል፣ ዛሬም ስለ አዋሽ የሚያወራ ሰው ሊዘለው አይገባም።

እዚያው ተፋሰስ ውስጥ የተገላቢጦሹም አለ። መተሐራ ላይ ያለው የበሰቃ ሐይቅ በ1950ዎቹ ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከአሥር እጥፍ በላይ ሰፍቶ አውራ ጎዳናውንና የባቡር ሐዲዱን እስኪያስነሣ ደርሷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ከመስኖ እርሻው የሚሰርገው ውኃ ነው። ከወንዙ የወጣ ውኃ አላግባብ ሄዶ አንዱን ሐይቅ ሲያሰፋ፣ ሌላው በወንዙ መጨረሻ ይደርቃል። ክረምት ላይ ደግሞ አዋሽ ሞልቶ የአፋር መንደሮችን ያፈናቅላል፤ በ2020 ነሐሴ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ወጥቷል። በረዶ ያለው ወንዝ ውኃውን በወራት ያከፋፍላል፤ አዋሽ በሁለት ወር ያጎርፋል፣ አሥር ወር ይጠማል።

አዋሽ ጅቡቲ ከተማ አይደርስም። ከተማዋ ከምትጠጣው ውኃ ከፊሉ ግን ከዚያው ተፋሰስ ምሥራቃዊ ክፍል ይመጣል። የሐረርጌ ተራሮች ሰሜናዊ ገጽ ከደንገጎ ጀምሮ ቁልቁል ወደ ሽንሌ ሜዳ ይወርዳል። ድሬዳዋን መሐል ለመሐል የሚከፍላት ደቻቱ ከእነዚህ ተራሮች ጅረቶች አንዱ ነው። በበጋ ሰው የሚነግድበት፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት አሸዋ ነው። በነሐሴ 2006 ሌሊት ከላይ በዘነበ ዝናብ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ወሰደ። እንዲህ ያሉ ጅረቶች ሜዳው ላይ ሲደርሱ አሸዋው ይጠጣቸዋል፤ ዓይን አያያቸውም እንጂ ውኃው ከሥር ይጠራቀማል። ኢትዮጵያና ጅቡቲ የተዋዋሉት በዚህ ውኃ ላይ ነው። በቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር በአዲጋላ አቅራቢያ ኩላን ላይ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ረጅም ቧንቧ ተዘረጋ። ሥራው በ2015 ተጀምሮ በ2017 ተመረቀ። ሲታቀድ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ገደማ እንዲሰጥ፣ ውኃውም ለ30 ዓመት ያለ ክፍያ እንዲሆን ነበር። አሊ ሳቢህ፣ ዲኪል፣ አርታና ዋና ከተማዋ ከዚህ ይጠጣሉ።

ከዚያው ተራራ የሚመጣ ሌላ ውኃ አለ፣ በቧንቧ ያልሆነ። በየቀኑ ቀትር ገደማ ከአወዳይ የተነሣው ጫት ከተማ ሲገባ መንገዱ ሁሉ ይነቃነቃል። መኪኖቹ ጡሩንባ እያሰሙ ይገባሉ፣ ጠረጴዛቸውን ዘርግተው የሚጠብቁት ሴቶች ቀበቷቸውን ያጠብቃሉ፣ እርጥብ ጨርቅ የለበሰው ዝርብ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል። ያ ቅጠል እርጥብ የሆነው በሐረርጌ የከርሰ ምድር ውኃ ነው። የሐሮማያ ሐይቅ በ2000ዎቹ አጋማሽ የደረቀው፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር፣ ለከተማ መጠጥና ለጫት መስኖ በተተከሉ ፓምፖች ነው። ሐረርም ውኃዋን ከቆላው ከድሬ ጃራ ወደ ላይ ለመግፋት ተገዳለች። ሐይቁ ኋላ በከፊል ተመልሷል፤ ፓምፖቹ ግን አሉ። ስለ ሁለቱ አገሮች ውኃ ሲወራ የቧንቧው ሜትር ኩብ ብቻ ይቆጠራል። በጫትና በአትክልት ተሸክሞ የሚወርደውም ሊቆጠር ይገባዋል ብዬ አምናለሁ፤ ከአንዱ ተራራ ነው የሚቀዳው።

አሁን የከተማዋ የራሷ ወንዝ፣ አምቡሊ። ፈረንሳዮች በ1888 ከተማዋን ሲመሠርቱ፣ በ1890ዎቹም መቀመጫቸውን ከኦቦክ ወዲህ ሲያዛውሩ፣ ከወደቡ ሌላ የሳባቸው አንዱ ነገር አምቡሊ ዳር የሚገኘው ጣፋጭ ጉድጓድ ውኃ ነበር። ለቅፍለቱም ለባቡሩም ውኃ ያስፈልግ ነበር። በ1897 ከዚህ የተጀመረው ሐዲድ ድሬዳዋ በ1902፣ አዲስ አበባ በ1917 ሲደርስ፣ ባቡሩ በእንፋሎት የሚሄድ እንደመሆኑ በየጣቢያው ይጠጣ ነበር። የአምቡሊ የአትክልት ቦታዎች፣ ተምርና ጎመን የሚበቅልባቸው፣ ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው።

ዛሬ የወንዙ አልጋ ባልባላ የተባለውን ሰፈር ከመሐል ከተማ ይለያል። ከምዕራብ ከኮረብታው ይመጣል፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም ሳይርቅ ባሕር ይገባል። በማንኛውም ተራ ቀን ወርዶ ማየት ይቻላል። ጠጠሩ ጥቁርና ክብ ነው፤ ያን ያህል የተሞረደው ውኃ ረጅም መንገድ አንከባሎት ነው። በጎርፍ ጊዜ የመጣ ጭቃ ደርቆ ሳንቃ ሳንቃ ሆኖ ተሰነጣጥቋል። የግራር ቁጥቋጦዎቹ ሁሉ ወደ ባሕሩ አጋድለዋል፣ ቅርንጫፋቸው ላይ የፕላስቲክ ከረጢትና የተቀደደ ማዳበሪያ ከሰው ቁመት በላይ ተጠምጥሟል። ውኃው እስከየት ደርሶ እንደነበር ከዚህ ይታወቃል። በሚያዝያ 2004 አንድ ሌሊት የመጣው ደራሽ ከ50 በላይ ሰው ገደለ፤ ብዙዎቹ ወንዙ ዳር ቆርቆሮና ጣውላ ቤት የሠሩ ድሆች ነበሩ። በኅዳር 2019 ደግሞ የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን ወረደ።

ያው ጎርፍ ግን የከተማዋ ሕይወት ነው። ጥቁሩ የባሕር ዳር ድንጋይ ውስጥ ያለው ጣፋጭ ውኃ የሚታደሰው በአመዛኙ እንዲህ ካሉ ጎርፎች በሚሰርገው ነው፤ ከተማዋ ለአሥርተ ዓመታት የጠጣችው ያንን ነው። ሕዝቡ ሲበዛ ከሚገባው በላይ ተቀዳ፣ ጣፋጩ ሲሳሳ የባሕሩ ውኃ ከሥር ገባ። የቧንቧው ውኃ ጨው ጨው ማለቱ ከዚህ ነው፤ እዚህ የኖረ ሰው ሻይ ሲጠጣ ያውቀዋል። የወንዙ አልጋ በሲሚንቶ በተሸፈነና በቤት በተጨናነቀ ቁጥር ጎርፉ ይፈጥናል፣ ወደ ሥር የሚገባውም ይቀንሳል። ጎርፍን ወደ ባሕር ለማባረር ብቻ የሚሠራ ቦይ አምቡሊን ግማሹን ብቻ የተረዳ ሥራ ነው።

ታዲያ ባሕሩን ራሱን መጠጣት አይቻልም ወይ? ይቻላል፣ ተጀምሯልም። ዶራሌ ላይ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተሠራው የባሕር ውኃ ማጣሪያ በ2021 ተመርቋል፤ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ ያመርታል፣ እጥፍ እንዲሆንም ታስቦ የተሠራ ነው። ከሰማይም ከጎረቤትም ደጅ መጥናትን ስለሚቀንስ ጅቡቲዎች ይኮሩበታል፣ ትክክልም ናቸው። ግን ጨውን ከውኃ መለየት ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ አብዛኛውን ኤሌክትሪክ የምታገኘው ከኢትዮጵያ በተዘረጋው መስመር ሲሆን፣ ያ ኃይል የሚመነጨው በአብዛኛው ከግድብ ነው። በ2023 ጉቤት ላይ የተመረቀው 60 ሜጋ ዋት የንፋስ ኃይል ይህን ጥገኝነት ያላላዋል እንጂ አይቆርጠውም። የደጋው ወንዝ ሲጎድል የባሕሩም ማጣሪያ ዋጋው ይንራል።

በእኔ ሚዛን ከሦስቱ የውኃ መንገዶች ትልቁን ትኩረት የሚሻው ኩላን ነው፤ አቤ ብዙ ተጎድቷል፣ አምቡሊም በከተማዋ እጅ ነው፣ ኩላን ግን ሁለት አገሮች አንድ ላይ ሊጠብቁት የሚችሉት ነው። የጉድጓዶቹ ወለል ከዓመት ዓመት የት እንደደረሰ ተለክቶ ለሁለቱም ሕዝብ በይፋ መነገር አለበት። ለውኃው ባይከፈልም ለሚሞሉት ተራሮች ገንዘብ መመደብ ይቻላል፤ ከደንገጎ ጀምሮ ባለው ዳገት ላይ እርከን ለመሥራት፣ ጥድና ወይራ ለመመለስ፣ ደራሹ ሜዳው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ የሚበርድበት ክትር ለመጣል። የሐረርጌ ገበሬ እርከን መሥራትን ከማንም አይማርም፤ የሚያስፈልገው ዳገቱን ጠብቆ ለሚያቆይበት ሥራ ከታች ያለው ጠጪ ድርሻውን እንዲከፍለው ነው። የ30 ዓመቱ ውል ሲያልቅ ድርድሩ የሚጀመረው ጉድጓዱ ውስጥ በቀረው ውኃ መጠን ይሆናል፤ ያን ለማሳደግ ደግሞ ዛሬ የሚተከለው ጥድ ከአሁኑ ሥር መያዝ ይኖርበታል።